ደካማ ዲሞክራሲ ላይ የሚወጣ አምባገነን መጀመሪያ የሚይዘው የትኛውን ቁልፍ ነው?

ጨሞጋ (ደብረ ማርቆስ)
ሰኞ፣ ማታ 2:10

«ጠመንጃ የያዘ አገር ያዘ» የሚለው አባባል በጠላ ቤትም በቢሮም ያለ ክርክር ያልፋል። ተመርጠው ወይም በሕግ ተሹመው መጥተው ኋላ አምባገነን የሆኑትን አንድ በአንድ ስታዩ ግን መጀመሪያ የነኩት ሌላ ነገር ነው። በዕድር ብመስለው፣ አዲሱ ሰብሳቢ ገንዘብ ያዡን ለጊዜው ትቶ «ስንት አባል ሲገኝ ስብሰባው ይጸናል» የምትለዋን አንቀጽ ነው የሚያስተካክላት። (የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ እኛ ስንመጣ ዓ.ም. እላለሁ።)

ጀርመን ሁሉም የሚያውቃት ስለሚመስለው በደንብ አትታይም። ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር ሲሆን አብላጫ ድምፅ አልነበረውም። በኖቬምበር 1932 ምርጫ ፓርቲው ያገኘው 33.1 በመቶ ነው፤ ያውም ከጁላዩ 37.3 ወርዶ። የሾሙት ፕሬዚዳንቱ ሂንደንቡርግ ናቸው። እነ ፎን ፓፐን (የቀድሞው ቻንስለር) «በካቢኔው ውስጥ ናዚ ሦስት ብቻ ነው፣ በመሃላችን እንይዘዋለን» የሚል ስሌት ነበራቸው። ከሦስቱ አንዱ ጎሪንግ ግን የፕሩሲያን የአገር ውስጥ ጉዳይ ያዘ። ከጀርመን ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ፕሩሲያ ውስጥ ስለነበር፣ የአገሩ ትልቁ ፖሊስ በአንድ ሹመት እጁ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው በቀን የሚቆጠር ነው። ፌብሩዋሪ 27 ማታ የምክር ቤቱ ሕንፃ ተቃጠለ። በማግስቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 መሠረት የመናገር፣ የመሰብሰብና ያለ ፍርድ ያለመታሰር መብት ታገደ። ማርች 5 በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው እየታሰረም ናዚዎች 43.9 በመቶ ላይ ቆሙ። ማርች 23 ካቢኔው ያለ ምክር ቤት ሕግ እንዲያወጣ የሚፈቅደው አዋጅ በ444 ለ94 አለፈ።

አሁን ወደ አንቀጿ። አዋጁ ሕገ መንግሥት የሚያሻሽል ስለሆነ ከ647 አባላት ሁለት ሦስተኛው መገኘት፣ ከተገኙት ደግሞ ሁለት ሦስተኛው መደገፍ ነበረበት። 81ዱ ኮሚኒስቶች ታስረዋል ወይም ሸሽተዋል። 120ዎቹ ሶሻል ዲሞክራቶች ቢቀሩና ከሌሎቹ አሥራ አምስት ያህል ሰው ቢጎድል ምልዓተ ጉባኤ የለም። ስለዚህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የስብሰባ ደንቡን ቀየሩ፦ ያለ ፈቃድ የቀረ አባል እንደተገኘ ይቆጠራል። አዋጁ የሚነገርበትን ያህል ስለዚች ደንብ አይነገርም። የእኔ ክርክር ግን እሷ ላይ ናት፤ አምባገነኑ መጀመሪያ የሚይዘው የጨዋታውን ደንብና ዳኛውን ነው።


ዳሞቴ (ፍኖተ ሰላም)
ሰኞ፣ ማታ 2:48

ወንድሜ ጨሞጋ፣ ደንቡን አሳምረህ አወጣኸው፤ ቡናማ ሸሚዝ ለብሰው አዳራሹን የሞሉትን የናዚ የጎዳና ታጣቂዎች ግን ዘለልካቸው። ያ ጉባኤ የተካሄደው ሕንፃው ስለተቃጠለ በኦፔራ ቤት ነው፤ እንደራሴው ወደ ድምፅ መስጫው ያለፈው በታጣቂ መካከል ነው። ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ ጎሪንግ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው ረዳት ፖሊስ አድርጎ ሾሟል። አብዛኞቹ የፓርቲው ጎረምሶች ናቸው። ትናንት መንገድ ላይ ሲደባደብ የነበረው ዛሬ ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ አሳሪ ሆነ። ያለዚህ የ444ቱ ቁጥር አይመጣም።

ጣሊያንንም ተመልከት። በኦክቶበር 1922 የሙሶሊኒ ሰዎች ወደ ሮም ሲንቀሳቀሱ መሣሪያቸው የተቀላቀለ፣ ዝናብ የደበደባቸው ነበሩ። መደበኛው ጦር ቢታዘዝ በአንድ ቀን ይበትናቸው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ ጦሩን የሚያሰማራ የከበባ አዋጅ አዘጋጁ፤ ንጉሡ ኦክቶበር 28 ጠዋት አልፈርምም አሉ። ሙሶሊኒ ሚላን ተቀምጦ ጠበቀና በመኝታ ባቡር መጥቶ ሥልጣን ተረከበ። ጦር ካልገባበት ሁሉም ወረቀት ነው።


ጨሞጋ
ሰኞ፣ ማታ 3:05

ዳሞቴ፣ ለእኔ ተከራከርክልኝ እኮ! በጣሊያን ጦሩ የተቀመጠው አንድ ፊርማ ስለጎደለ ነው። አዛዡም ወታደሩም ቦታው ላይ ነበር። የጎደለው «ሕጋዊ ትእዛዝ» የምትባለዋ ወረቀት ናት። ቀጥሎም ሙሶሊኒ ቶሎ ብሎ የሠራው የምርጫ ሕግ ነው፤ በ1923 የወጣው ሕግ አንደኛ ሆኖ 25 በመቶ ድምፅ ላገኘ ዝርዝር የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ወንበር ይሰጣል። ከአራት ሰው አንዱ መርጦህ ከሦስት ወንበር ሁለቱን ትወስዳለህ።


ቅኔ ቆጣሪ (ጎንጅ)
ሰኞ፣ ማታ 3:40

እኛ አካባቢ ሰሙን ሰምቶ የሚረካ ሰው ተማሪ ይባላል እንጂ መምህር አይባልም። የአዋጅ ቃል ሲነበብም እንዲያው ነው፤ ወርቁ ያለው አዋጁን የሚተረጉመው ማን እንደሆነ በሚናገረው ኅብረ ቃል ላይ ነው።

ለዚህ ከቱኒዚያ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። የ2014ቱ ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 80 ፕሬዚዳንቱ «አገርን የሚያሰጋ አደጋ» ሲያይ ልዩ እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ልጓምም አለው፦ ምክር ቤቱ በዚያ ጊዜ ሁሉ ስብሰባ ላይ ይቆያል፣ አይበተንም። 30 ቀን ሲሞላ አፈ ጉባኤው ወይም 30 አባላት «አደጋው አሁንም አለ ወይ?» ብለው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ። በወረቀት ሲታይ ጥሩ ተሠርቷል።

ፍርድ ቤቱ ግን አልነበረም። ከ12ቱ ዳኞች አራቱን ምክር ቤቱ፣ አራቱን የዳኞች ጉባኤ፣ አራቱን ፕሬዚዳንቱ ይሰይማሉ። ምክር ቤቱ አንድ ዳኛ ለመሰየም ከ217 አባላት 145 ድምፅ ያስፈልገዋል። ፓርቲዎቹ «የእኔ ሰው ካልገባ የአንተም አይገባም» ተባብለው በስንት ዓመት ያስመረጡት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጁላይ 25 ቀን 2021 ፕሬዚዳንቱ ካይስ ሳይድ አንቀጽ 80ን ጠቅሶ ምክር ቤቱን ሲያግድ 30 ቀኑ ሞላ፤ የሚጠየቅ ዳኛ ግን የለም። በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ የዳኞችን ጉባኤ በተነ፣ በጁን 57 ዳኞችን በአንድ ድንጋጌ አባረረ፣ በጁላይ አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ከመራጩ የወጣው ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም፤ ዝቅተኛ የተሳትፎ ቁጥር ስላልተቀመጠ ግን ጸደቀ። ስሕተቱ የተሠራው ሳይድ ከመመረጡ ከዓመታት በፊት ነው፤ የሠሩትም ዲሞክራቶቹ ናቸው።

ሌላ የዳኛ ቅኔ ልጨምር፤ ፊሊፒንስ። ፕሬዚዳንቱ ማርኮስ በ1972 የወታደር አስተዳደር አውጆ፣ በጃንዋሪ 1973 አዲሱን ሕገ መንግሥት በየቀበሌው ሰው ሰብስቦ እጅ በማስወጣት አስጸደቀ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ከ10 ዳኞች ስድስቱ «በሕጉ መሠረት አልጸደቀም» አሉ። ስድስት ዳኞች ደግሞ «ክሱ ይዘጋ» አሉ። ሁለቱም ስድስት። ፍርዱም ሲደመደም አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ እንዳይውል የሚከለክል ነገር የለም ተባለ። እንግዲህ ፍቱት!


የቢቸና ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ይህ ሁሉ ረዘመብኝ። አጭሩን የሚነግረኝ አለ?


ቅኔ ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:32

አጭሩ፦ ገብስህን ሳይሰርቅህ በፊት ቁናውን ይቀይራል።


ሰከላ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:15

ዳኛን የመያዝ ሥራ በአራት ዓይነት መንገድ ሲሠራ አይቻለሁ (በመዝገብ ማለቴ ነው)። እያንዳንዱ የራሱ ዋጋና የራሱ ጉድለት ስላለው ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ወንበር መጨመር ነው። ቬንዙዌላ በ2004 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ከ20 ወደ 32 አሳደገች፤ አሥራ ሁለቱን አዲስ ወንበር በአንድ ጊዜ የሞላው የመንግሥት ወገን ነው። ማንም አልተባረረም፣ ስለዚህ የሚያለቅስ ሰው የለም። ለአድራጊው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ መቀነስ ነው። ሃንጋሪ የዳኞችን የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 አወረደች። ከ270 በላይ ዳኞች ተነኩ። ቁጥሩ ከጠቅላላው ዳኛ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ ግን አንጋፋዎቹ የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቶች ስለሆኑ ክብደቱ ከቁጥሩ ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2012 ስሕተት ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ሲደርስ ግን የአመራር ወንበሮቹ በሌላ ሰው ተይዘው ነበር። ካሳ ተሰጠ፤ ወንበር አልተመለሰም። የዘገየ ፍርድ የሚጎዳው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ምልዓተ ጉባኤ ማሳጣት ሲሆን የፔሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ ፉጂሞሪ ለሦስተኛ ጊዜ ለመወዳደር ፈለገ፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ አይፈቅድም። ምክር ቤቱ በ1996 «የመጀመሪያው ዘመን ከሕገ መንግሥቱ በፊት ስለጀመረ አይቆጠርም» የሚል የትርጉም ሕግ አወጣ። ከሰባቱ የሕገ መንግሥት ዳኞች ሦስቱ ይህ ሕግ ለእሱ አይሠራም አሉ። በ1997 ሦስቱም ተባረሩ። ፍርድ ቤቱ አልተዘጋም፣ ደመወዝም አልተቋረጠም። ግን አንድን ሕግ ኢሕገ መንግሥታዊ ለማለት ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል፤ የቀሩት አራት ናቸው።

አራተኛው ድፍረት የሚጠይቀው ነው። ኤል ሳልቫዶር ሜይ 1 ቀን 2021 አዲሱ ምክር ቤት ሥራ በጀመረበት በዚያው ቀን የሕገ መንግሥት ችሎቱን አምስት ዳኞችና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ሻረ፤ ተተኪዎቹም በዚያው ሌሊት በፖሊስ ታጅበው ገቡ። በአራት ወር ገደማ አዲሶቹ ዳኞች ፕሬዚዳንቱ በተከታታይ መወዳደር ይችላል ብለው ፈረዱ። በጁላይ 2025 ደግሞ የዘመን ገደቡ ከነጭራሹ ተነሣ። ይህ መንገድ የሚሠራው ሕዝቡ በወንጀለኛ ቡድኖች ተማርሮ መሪውን እጅግ ሲወድ ብቻ ነው። ያለዚያ ጎዳናው ይነሣል።


ዳሞቴ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ሰከላ፣ ጥሩ ለየኸው። ግን ሃንጋሪን ስታነሣ የምርጫውን ሂሳብ መተው አይገባም፤ ዳኛውን ለመቀየር ሁለት ሦስተኛ ወንበር መያዝ አለበት። በ2010 የኦርባን ወገን 53 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ386 ወንበር 263 ወሰደ፤ 68 በመቶ ማለት ነው። በዚያ ወንበር አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፣ ምክር ቤቱን ወደ 199 ወንበር አሳነሰ፣ የምርጫ ክልሎቹን ድንበር በአዲስ ሕግ አሰመረ። በ2014 ድምፁ ወደ 45 በመቶ ወረደ፤ ያገኘው ወንበር 133። የ199 ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው? 133። አንዲት ወንበር ብትጎድል ሕገ መንግሥቱን ብቻውን መንካት አይችልም ነበር።

ስለዚህ አገር ሲመሠረት «ሁለት ሦስተኛ ይበቃል» ማለት አይበቃም። ሁለት ሦስተኛው የማን እንደሆነ ይታይ፤ የድምፅ ወይስ የወንበር?


እማማ ጥላ (ሞጣ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3:00

ልጆቼ፣ ስለ ዳኛና ስለ ወንበር ብዙ ተባለ፤ ስለ ወሬውስ? ሰው ያልሰማውን ነገር አይቃወምም።

ከፔሩ ሳንወጣ፣ የፉጂሞሪ የደኅንነት ሹም ሞንቴሲኖስ ጉቦ ሲሰጥ በቪዲዮ እየቀዳ፣ ደረሰኝ እያስፈረመ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ከወደቀ በኋላ ሰነዱ ሲወጣ የዋጋ ዝርዝሩ ታየ። ዳኛ በወር ከ5 እስከ 10 ሺህ ዶላር። የምክር ቤት አባልም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት ግን በወር 1.5 ሚሊዮን ዶላር! ለምን መቶ እጥፍ? ከዳኞችም ከእንደራሴዎችም የሚያስፈልገው አብላጫው ብቻ ነው፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላውን ይገዛል። ከጣቢያዎቹ ግን ሁሉንም መያዝ አለበት፤ አንዱ ካመለጠ ሌሎቹን የገዛበት ገንዘብ ሁሉ ውኃ በላው።

አንዱ አመለጠ። ተመልካቹ ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ የኬብል ጣቢያ ነበር። በሴፕቴምበር 2000 ሞንቴሲኖስ ለአንድ የተቃዋሚ እንደራሴ ወገን እንዲቀይር 15 ሺህ ዶላር ሲቆጥርለት የሚያሳየውን ቪዲዮ አሰራጨ። ሌሎቹም አይተው መደበቅ አቃታቸው። ፉጂሞሪ በኖቬምበር ጃፓን ተቀምጦ መልቀቂያውን በፋክስ ላከ፤ ምክር ቤቱ መልቀቂያህን አንቀበልም ብሎ ራሱ ሻረው።

የዛሬዎቹ ከዚህ ተምረዋል። ጉቦ አይሰጡም፣ የመንግሥት ማስታወቂያ ይሰጣሉ ወይም ይከለክላሉ። ሃንጋሪ ውስጥ በ2018 ከ400 በላይ ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ድረ ገጽ ባለቤቶቻቸው ለአንድ ተቋም በነፃ ሰጡ፤ መንግሥትም «ለአገር ስትራቴጂያዊ ጥቅም አለው» ብሎ ከውድድር ባለሥልጣን ምርመራ ነፃ አደረገው። አንድም ጋዜጠኛ መታሰር አላስፈለገም። ቬንዙዌላ ደግሞ በ2007 የአንድ አንጋፋ ጣቢያ የስርጭት ፈቃድ ሲያልቅ አላድስም አለች፤ «አልዘጋሁም፣ ጊዜው አለቀ» ነው መልሱ።


ጨሞጋ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:25

እማማ፣ የመቶ እጥፉ ነገር እኔን አሳመነኝ፤ ዳኛ ብቻ ያልኩትን ላሰፋ ነው። የሚነኩት ነገሮች የሚያመሳስላቸው ሁሉም «ትክክል ነው፣ ስሕተት ነው» ብለው የሚመሰክሩ መሆናቸው ነው፦ ዳኛው፣ ምርጫ አስፈጻሚው፣ ጋዜጣው፣ የሂሳብ መርማሪው። አደራውን የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው።


ጋሼ ጮቄ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:10

ዳሞቴ ጦር ጦር ስላለ የራሳችንን አንርሳ። የ1966ቱ አብዮት ከዲሞክራሲ ላይ አልተነሣም፤ ስለዚህ ለርዕሱ በቀጥታ አይሆንም። አካሄዱ ግን ያስተምራል። ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ሲቋቋም ከሻለቃ በላይ ማዕረግ የሌለው ኮሚቴ ነበር፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ነኝ እያለ ነው የጀመረው። ባለሥልጣናቱን በአንድ ቀን አልያዘም። በሬዲዮ ስም እየጠራ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገ፣ እጃችሁን ስጡ አለ። ነሐሴ ላይ የዘውድ ምክር ቤቱን፣ የዙፋን ችሎቱንና የንጉሡን ልዩ የጦር መምሪያ ሻረ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ሲወሰዱ በዙሪያቸው የሚመክር፣ የሚፈርድ፣ የሚያዝ ተቋም አልቀረም ነበር። በዚያው ቀን በወጣው አዋጅ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማው ተዘጋ፣ አድማና ሰልፍ ተከለከለ።

ሁለተኛው ደረጃ ከውስጥ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ተገደለ። ጥር 26 ቀን 1969 ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከነባልደረቦቻቸው ተገደሉ፤ ከቀናት በፊት የደርጉን አደረጃጀት በአዲስ መልክ አዋቅረው የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ሥልጣን የሚቀንስ ውሳኔ አሳልፈው ነበር። ኅዳር 1970 ደግሞ የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር አጥናፉ አባተ ተገደለ። ሂትለርም ጁን 30 ቀን 1934 የገዛ ፓርቲውን የጎዳና ጦር አለቆች ጨረሰ፤ ኦገስት 2 ሂንደንቡርግ ሲሞቱ ሠራዊቱ በስሙ ማለለት። ሥልጣን ለመያዝ የረዳ ጓደኛ ሥልጣኑ ሲጸና ተቀናቃኝ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ሕግም ደንብም አይረዳም፤ እዚህ ጋ ዳሞቴ እውነት አለው።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ትእዛዝ የሚፈጸመው በታች ባለው ሰው እጅ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «ርስት ልትለኩ ነው» ብሎ ገማቹን አላስገባም አለ፤ ሞጣና ቢቸና ተነሡ። ጦር ተላከ። መጨረሻ ላይ ግን ጠቅላይ ገዥው ተቀየሩ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ሕጉ ጸንቶ ነበር፤ የሚቆጥር ሰው እርሻው ውስጥ መግባት ስላልቻለ አልሠራም።


ዳሞቴ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:44

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ አልከራከርም፤ ሁለተኛው ደረጃ የጠመንጃ፣ አንደኛው የወረቀት ይሁን።


ሰከላ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:30

ተቃዋሚው ራሱ በር የከፈተበትን ማንም አላነሣም። ከሁሉ የሚደጋገመው «አኩርፎ መውጣት» ነው። በጁን 1924 የፋሺስቱን ምርጫ ማጭበርበር በምክር ቤት ያጋለጠው የጣሊያን ሶሻሊስት እንደራሴ ማቴዎቲ ተገደለ፤ የሕዝቡ ቁጣ ሙሶሊኒን አንገዳገደው። ተቃዋሚዎቹ በዚያ ሰዓት ምክር ቤቱን ጥለው ወጡ፤ ንጉሡ ይሽረዋል ብለው ጠበቁ። ንጉሡ ዝም አሉ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብሎ ሲፎክር አዳራሹ ውስጥ የሚመልስለት አልነበረም። ቬንዙዌላም በ2005 ተቃዋሚው ከምክር ቤት ምርጫ ራሱን አገለለ፤ የወጣው መራጭ ከአራት አንድ ነው፣ ወንበሩ ግን በሙሉ የፕሬዚዳንቱ የቻቬዝ ወገን ሆነ። ያ ምክር ቤት አምስት ዓመት ዳኛና ምርጫ አስፈጻሚ ሾመ።

ሁለተኛው አቋራጭ ፍለጋ ነው። በኤፕሪል 2002 ቻቬዝን በመፈንቅለ መንግሥት ለሁለት ቀን አወረዱት፤ ጊዜያዊው መንግሥት ምክር ቤቱንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱንም በተነ። ቻቬዝ ሲመለስ «ዲሞክራሲን ያዳነ» ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ የነዳጅ ኩባንያው ሠራተኞች ሲያድሙ ወደ 18 ሺህ የሚሆኑትን አባረረ፤ በአገሩ ትልቁ የገንዘብ ምንጭ ውስጥ የቀረው የእሱ ሰው ነው።

ሦስተኛው የስም ዝርዝር አለመጠበቅ ነው። እዚያው ቬንዙዌላ በ2004 ቻቬዝን ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ይጠራ ብለው የፈረሙት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ዜጎች ስም ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ፈራሚ የመንግሥት ሥራና ውል ተከለከለ። ሕጉ ፊርማ ይጠይቃል፤ ፈራሚውን የሚጠብቅ አንቀጽ ግን የለውም። ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ ስሙን የሚያሰፍር ማን ይሆናል?


የቢቸና ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 1:15

አሁንስ አነበብኩት ሁሉንም። ግን የከሸፈበት አገር የለም ወይ? ሌሊት እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር ጻፉልን።


ጨሞጋ
ረቡዕ፣ ማታ 2:20

አለ። የሚያመሳስላቸው ፍጥነት ነው።

ደቡብ ኮሪያ ዲሴምበር 3 ቀን 2024። ፕሬዚዳንት ዩን በአገራቸው ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ (አቆጣጠሩ የእኛ ነው) ወታደራዊ ሕግ አወጁ። ሕገ መንግሥቱ ከ300 አባላት አብላጫው ይነሣ ካለ ፕሬዚዳንቱ የማንሣት ግዴታ አለበት ይላል። ጥያቄው ወታደሩ ሳይቀድም 151 ሰው አዳራሽ ማስገባት ነው። እንደራሴዎቹ አጥር ዘለሉ፤ የ67 ዓመቱ አፈ ጉባኤም ዘለሉ። ሰው ቢሞላም አፈ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡ በደንቡ መሠረት እስኪቀርብ ድምፅ አላሰጡም፤ ወታደሩ መስኮት እየሰበረ ሳለ ማለት ነው። ኋላ «ሥነ ሥርዓቱ ጎድሏል» የሚል ቀዳዳ እንዳይገኝ ነው። 190 ለ0 ተወሰነ፤ ከአዋጁ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ። በኤፕሪል ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 ሻራቸው።

ሴኔጋል 2024፦ ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ፌብሩዋሪ 25 ሊደረግ የነበረውን ምርጫ አራዘሙ፤ ምክር ቤቱም የተቃዋሚ አባላት በጸጥታ ኃይል ከአዳራሽ ከወጡ በኋላ ወደ ዲሴምበር ገፋው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ግን በአሥር ቀን ውስጥ ሻረው። ምርጫው ማርች 24 ተደረገ፤ ያሸነፈው ከአሥር ቀን በፊት ከእስር የወጣ ሰው ነው።

ቤልጅየም 1937 ደግሞ የፓርቲዎች ነው። የፋሺስቱ ደግሬል በብራስልስ የማሟያ ምርጫ እንዲደረግ አስገድዶ ራሱ ቀረበ። ካቶሊኩ፣ ሊበራሉ፣ ሶሻሊስቱ፣ ኮሚኒስቱም ሳይቀር የየራሱን ዕጩ ትቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፋን ዜላንድን ደገፈ። 76 ለ19 በመቶ ገደማ። ከዚያ ወዲያ ንቅናቄው በምርጫ አላንሰራራም። የጀርመኖቹ ወግ አጥባቂዎች ከአራት ዓመት በፊት ተቃራኒውን ነው ያደረጉት።


እማማ ጥላ
ረቡዕ፣ ማታ 2:55

ማላዊንም ጨምርበት። በ2019 ምርጫ የውጤት ቅጾቹ በነጭ የማጥፊያ ቀለም ተሰርዘው ተጽፈው ተገኙ። ዳኞቹ ለወራት ቅጽ በቅጽ አይተው በፌብሩዋሪ 2020 ምርጫውን ሻሩት፤ «50 ሲደመር አንድ» ያስፈልጋልም አሉ። በድጋሚው ምርጫ ተቃዋሚው አሸነፈ። ማስረጃው ያ ቀለም ነው እንግዲህ። ድምፅ የሚሰረቀው ኮሮጆ ውስጥ ካለው ይልቅ ከጣቢያ ወደ ማዕከል በሚሄደው ወረቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ ቆጠራው በጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ሁሉም ፎቶ ካነሳው መንገድ ላይ የሚቀይረው ይቸገራል።


ሰከላ
ረቡዕ፣ ማታ 3:12

ጋምቢያ ወረቀትም አልፈለገችም። ማንበብ የማይችል መራጭ እንዲመርጥ ተብሎ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ድምፅ የሚሰጠው በብይ ነው። ለየዕጩው ቀለም የተቀባ በርሜል አለ፤ መራጩ ብዩን በቱቦው ሲከት ውስጥ ያለች ደወል አንድ ጊዜ ትጮኻለች። ሁለት ጊዜ ከጮኸች ሁለት ብይ ገብቷል ማለት ነው፤ ውጭ የተቀመጠው ታዛቢ ይሰማል። በዲሴምበር 2016 ብዩ በየጣቢያው፣ በሁሉም ወገን ፊት ተቆጠረ። ፕሬዚዳንቱ ጃሜ ከ22 ዓመት ሥልጣን በኋላ ተሸነፈ፤ መጀመሪያ ተቀበለ፣ በሳምንቱ ሐሳቡን ቀየረ፣ የጎረቤት አገሮች ጦር ድንበር ሲሻገር በጃንዋሪ 2017 አገሩን ለቀቀ። ለደወሏ ሲባል በምርጫ ቀን በጣቢያው አካባቢ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው፤ የብስክሌት ደወል ከድምፅ ጋር እንዳይምታታ።


የቢቸና ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 3:20

ባሕር ዳር ላይ ይህን ሕግ የሚያስከብር ምርጫ አስፈጻሚ ካገኛችሁ ንገሩኝ።